የአፍ ጥግ መሰንጠቅ፦ ስቀባው ይድናል፣ ስተወው ይመለሳል

የሳቢያኗ (ድሬዳዋ)

ሰላም ጀመዓ። የድሬም የሐረርም ልጆች ብትመልሱልኝ ደስ ይለኛል፣ አየሩንም ምግቡንም ስለምታውቁት።

የአፌ ጥግ ግራና ቀኙ ተሰንጥቆ ከርሟል። ጠዋት ስነቃ ደርቆ ይጠብቀኛል፤ ሳዛጋ ይከፈትና ደም ይላል። ቀን ላይ ዙሪያው ይቀላል፣ ይቆጣል፣ አንዳንዴም ነጭ ነገር ይይዛል። ሳምቡሳ በሚያቃጥለው ቢስባስ መብላት ትቻለሁ፤ ሎሚ ከነካውማ አይነገርም። ትልቅ ጉርሻ የሚያጎርስ ሰው ጠላቴ ሆኗል።

መጀመሪያ «ምች ነው» ተብሎ ዳማከሴ ታሸልኝ። ቀጥሎ ጎረቤቴ ለልጇ ዓይን የተሰጣትን ቴትራሳይክሊን ቅባት አመጣችልኝ፣ ምንም ለውጥ የለውም። በመጨረሻ ከአንድ መድኃኒት ቤት ያለ ማዘዣ ክሬም ሰጡኝ፤ ወዲያው ጥፍት አለ። እሰይ ብዬ ስተወው ተመለሰ፣ ያውም ብሶበት። እንደገና ቀባሁ፣ ጠፋ። ተውኩ፣ መጣ። እንዲህ ስንመላለስ ከረምን።

ዕድሜዬ ሠላሳዎቹ ውስጥ ነው፣ የማጠባት ልጅ አለችኝ። ስኳርም ሌላም በሽታ እንዳለብኝ አላውቅም። የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው፦ ለምንድን ነው የሚመለሰው? ልጄን ስስማትስ ይተላለፍባታል?


ለገሃሬ (ድሬዳዋ)

አቦ ይሄ የውሃችን ሥራ ነው! ማንቆርቆሪያሽን ገልብጠሽ እዪው፣ ውስጡ ኖራ ለብሷል። ብረት ላይ እንዲህ የሚጋገር ውሃ ከንፈር ላይ ምን ያደርጋል ብለሽ ነው? ፊትሽን በሀይላንድ ውሃ ታጠቢ።


ሸዋ_በር (ሐረር)

ውሃ አይደለም፣ ሙቀታችሁ ነው። ሐረር ውጪና ሰንብቺ፣ ይለቅሻል።


ለገሃሬ

ሐረር የቧንቧ ውሃ የመጣ ቀን ደውልልን፣ ያኔ እንወጣለን።


ሸዋ_በር

😂 ይሄንንስ ተረታሁ።


መድኃኒተኛው (ድሬዳዋ)

እህቴ፣ ቀልዱን እንተወውና፣ ወዲያው ያጠፋልሽ ክሬም ስሙ ምንድን ነው? ቱቦው ላይ የተጻፈውን በሙሉ ጻፊልን። መድኃኒት ቤት ነው የምሠራው፤ ከአነጋገርሽ የጠረጠርኩት ነገር አለ።


የሳቢያኗ

ወንድሜ አመሰግናለሁ። ቤታሜታዞን፣ ጄንታማይሲን፣ ክሎትሪማዞል ይላል። ሦስቱም አንድ ቱቦ ውስጥ ናቸው።


መድኃኒተኛው

እንደጠረጠርኩት ነው። ከሦስቱ ውስጥ መቅላቱንና ማሳከኩን ወዲያው ያጠፋልሽ ቤታሜታዞን ነው። እሱ ፈንገስም ባክቴሪያም አይገድልም፤ የሰውነትን ቁጣ ነው የሚያበርደው። ቁጣው ሲበርድ ዳንኩ ብለሽ ታቆሚያለሽ። ፈንገሱን የሚገድለው ክሎትሪማዞል ግን ሥራውን ለመጨረስ ጊዜ ይፈልጋል፣ አንቺ ደግሞ አቋርጠሽዋል። በዚያ ላይ ቤታሜታዞን የቆዳውን መከላከያ ስለሚያዳክም የተረፈው ፈንገስ ተመችቶት ያድራል። «ብሶበት ተመለሰ» ያልሽው ለዚህ ነው።

ቤታሜታዞን ጠንካራ ስቴሮይድ ነው። ፊት ላይ፣ ያውም አፍ ዙሪያ፣ እየደጋገሙ ሲቀቡት ቆዳ ያሳሳል፤ አፍ ዙሪያ ቀያይ ሽፍታም ያወጣል። ሲያቆሙት ይብሳል፣ ሲቀቡት ይቀንሳል፣ ሰውየው የክሬሙ ባሪያ ይሆናል። በየሳምንቱ «ያቺን ክሬም ስጠኝ» የሚሉኝ ደንበኞች አሉ። ለአፍ ጥግ መሆኑን ሲነግሩኝ አልሸጥም፤ ጎረቤት ሄደው ይገዛሉ፣ እኔ ደንበኛ አጣለሁ። ይሁን።


የቀፊራዋ_እናት (ድሬዳዋ)

ልጄ፣ ምች ነው ያሉሽ አልተሳሳቱም። እኛ ያደግነው በዳማከሴ ነው። ፀሐይ ላይ ቆይተሽ ቀዝቃዛ ስትነኪ ይመታሻል። ዋናው በደንብ አለመታሸቱ ነው።


ጥርስ_ሐኪሟ (ሐረር)

እማማ፣ ዳማከሴውን አልነካብዎትም፤ ግን ምችና ይህ ሰንጥቅ መልካቸው ስለሚለያይ ልጅቱ ታውቀው። ምች ብለን የምንጠራው ከንፈር ላይ የሚወጣው፣ አብዛኛውን ጊዜ የሄርፒስ ቫይረስ ነው። ከመውጣቱ በፊት ቦታው ይነዝራል፣ ያቃጥላል። ከዚያ ውሃ የቋጠሩ ትናንሽ ፍንጣሪዎች ተሰባስበው ይወጣሉ፣ ይፈነዳሉ፣ ይደርቃሉ። አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ወገን ነው፤ ምንም ባይቀባም ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ይድናል። እማማ «ዳማከሴ አዳነኝ» የሚሉት እዚህ ላይ ነው፤ ቀኑ ሲደርስ ራሱ ይሄዳል።

የሳቢያኗ የነገረችን ግን ሁለቱም ጥግ ላይ ነው፣ ውሃ አልቋጠረም፣ ተሰንጥቋል፣ ከርሟልም። ይህ በሕክምና አንጉላር ቺላይተስ የሚባለው ነው።

ስለ ልጅሽ የጠየቅሽውም ከዚህ ጋር ይያያዛል። ሄርፒስ ቢሆን ኖሮ ሕፃን አትሳሚ እልሽ ነበር፣ በተለይ አራስ ልጅን ክፉኛ ሊያሳምም ይችላል። የአፍ ጥግ ሰንጥቅ ግን እንዲያ የሚተላለፍ በሽታ አይደለም። ካንዲዳ የሚባለው ፈንገስ በብዙ ጤነኛ ሰው አፍ ውስጥ ያለ ነው። ቁስሉ ላይ ክሬም ቀብተሽ እንዳለ ግን አትሳሚያት፤ ልጅቱ ክሬሙን ትልሳለች። አፏ ውስጥ በጨርቅ ሲጠርጉት የማይለቅ ነጭ ነገር ካየሽ፣ ወይም ስታጠቢ የጡትሽ ጫፍ የሚያቃጥል ከሆነ ሁለታችሁም አብራችሁ መታየት አለባችሁ፤ አንዳችሁ ብቻ ከታከማችሁ ፈንገሱን መልሳችሁ ትቀባበላላችሁ።

አሁን ወደ ዋናው። «ምን ልቀባ?» የሚለው ሁለተኛው ጥያቄ ነው። የመጀመሪያው «ምራቄ ለምን እዚያ ጥግ ላይ ይቆያል፣ ቆዳዬስ ለምን አልቻለውም?» የሚለው ነው። የአፍ ጥግ እጥፋት ነው። ምራቅ እዚያ ሲያቁር ቆዳው ይርሳል፣ ይላላል፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ምራቅ ምግብ ሊፈጭ የተሠራ ነገር ስለሆነ ቆዳ ላይ ሲከርም ቆዳንም አይምርም። ሲሰነጠቅ ሰው በምላሱ ያርሰዋል፣ ያኔ ለጊዜው ቀለል ይለዋል፣ ትንሽ ቆይቶ ከመጀመሪያው የባሰ ይደርቃል። በተከፈተው በር ካንዲዳ ይገባል፣ ወይም ስታፊሎኮከስ የተባለው ባክቴሪያ፣ ብዙ ጊዜም ሁለቱ ተያይዘው። ስታፊሎኮከስ አፍንጫችን ቀዳዳ ውስጥ ብዙዎቻችን ተሸክመነው የምንዞረው ነው፤ አፍንጫ የሚጎረጉር እጅ ወደ አፍ ጥግ ሲሄድ መንገዱ አጭር ነው።

ውሃው ድንጋያማ መሆኑ ቆዳ ያደርቃል፣ ሙቀቱም ከንፈር ያደርቃል፤ ለገሃሬና ሸዋ በር ሁለታችሁም ትንሽ ትንሽ እውነት አላችሁ። ግን ድሬ ያለ ሰው ሁሉ ያንኑ ውሃ ይታጠባል፣ የተሰነጠቀው የጥቂቱ ነው። ስለዚህ ከዚያ ሰው ጀርባ ሌላ ነገር አለ። በአረጋውያን ጥርስ ነው፤ በወጣት ሴቶች ብዙ ጊዜ ደም ማነስ ነው፤ በሌላው ስኳር፣ ወይም ደረቅ አፍ፣ ወይም የሰውነት የመከላከል አቅም መዳከም፣ ወይም አስም ላይ የሚነፋ ስቴሮይድ፣ ወይም በቅርቡ የተወሰደ አንቲባዮቲክ። አዲስ የጥርስ ሳሙና ወይም ሊፕስቲክ ያስቆጣው ሰውም አጋጥሞኛል።

የሳቢያኗ፣ አራት ነገር ልጠይቅሽ። ምላስሽ ለስላሳና የገረጣ ሆኗል ወይ? ደረጃ ስትወጪ ልብሽ ይመታል ወይ? ከወለድሽ በኋላ የወር አበባሽ በዝቷል? አፈር፣ በረዶ፣ ጥሬ ሩዝ የመሰለ ነገር ያምርሻል?


የሳቢያኗ

ዶክተር፣ አስደነገጡኝ። ልቤ ይመታል፣ እኔ ግን የልጅ ድካም ነው ብዬ ትቼው ነበር። ስወልድ ደም በዝቶብኛል። በረዶ… ቤት ያለው ሁሉ ይታዘበኛል፣ ፍሪጅ ውስጥ የሚጋገረውን በረዶ በማንኪያ እየፋቅኩ ነው የምቆረጥመው። የድሬ ሙቀት ነው እያልኩ ነበር።


ጥርስ_ሐኪሟ

የድሬ ሙቀት ቀዝቃዛ ውሃ ያስጠማል፤ በረዶ ማስቆርጠም ግን የብረት እጥረት ታዋቂ ምልክት ነው። ነፍሰ ጡሮች የግድግዳ ጭቃ የሚያምራቸውም ብዙ ጊዜ በዚሁ ነው። ሳቢያን ሆስፒታል ቅርብሽ ነው፣ ድል ጮራም ይሁን፣ ተመላላሽ ገብተሽ ሙሉ የደም ምርመራ አሠሪ። ላልፀነሰች ሴት ሄሞግሎቢን ከ12 ግራም በዴሲሊትር በታች ከሆነ ደም ማነስ ይባላል፤ ለነፍሰ ጡር ከ11 በታች፣ ለወንድ ከ13 በታች። የሚቻል ከሆነ ፌሪቲንም ይታይ፣ እሱ የብረት ጎተራው ነው፤ ሄሞግሎቢን ገና ሳይወርድ ጎተራው ባዶ የሚሆንበት ጊዜ አለ። በዚያው የጾም ስኳር ተመርመሪ።


ደቻቱ_ማዶ (ድሬዳዋ)

ማነው ጤፍ የሚበላ ሰው ብረት ያንሰዋል ያለው? ያ ሁሉ ብረት የት ሄደ ታዲያ?


ጥርስ_ሐኪሟ

ጥሩ ጥያቄ ነው። የእህል ብረት እንደ ሥጋና እንደ ጉበት ብረት በቀላሉ ወደ ደም አይገባም። እህል ውስጥ ያለው ፋይቴት ይይዘዋል። ሊጡ መቡካቱ ፋይቴቱን ስለሚቀንስ እንጀራችን ከቂጣ ይሻላል። ከዚያ ግን ምን እናደርጋለን? በልተን ሳንነሳ አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ቡናም ሻይም ከምግብ ጋር ሲሆኑ ብረት እንዳይመጠጥ ያደርጋሉ። ቡናችሁን አልወስድባችሁም፣ ሐረር ተቀምጬ ማን ይሰማኛል! ከምግብ ቢያንስ አንድ ሁለት ሰዓት ይራቅ ነው የምለው። በተቃራኒው ቫይታሚን ሲ የእህሉን ብረት ያስገባል፤ ምስር ወጥ በልታችሁ ብርቱካን ወይም ዘይቱን (ጋቫ) ብትበሉ ጥቅም አለው። አፍ ጥጉ እስኪድን ግን ሎሚውን ከመምጠጥ በስትሮ ጭማቂ ጠጡ።

ብረት ብቻም አይደለም። ቢ2 የሚባለው ቫይታሚን ሲያንስ አፍ ጥግ ይሰነጠቃል፣ ምላስም ይቀላል፤ ወተት፣ እንቁላልና ጉበት ውስጥ አለ። ፎሊክ አሲድና ቢ12 እጥረትም ያመጡታል። ቢ12 ከእንስሳት ተዋፅኦ ብቻ ስለሚገኝ ዓመቱን ሙሉ አጥባቂ ጿሚ የሆነ ሰው ያስብበት። ለስኳር ሜትፎርሚን ለዓመታት የሚወስዱ ሰዎችም ቢ12 ይወርድባቸዋል።


ሸዋ_በር

ዶክተር፣ ሆጃስ፣ በወተት የምናፈላው?


ጥርስ_ሐኪሟ

ሆጃን ማን ይከለክላል። የብረት እንክብል በሆጃ አይዋጥ እንጂ፤ ወተቱም የብረቱን መመጠጥ ይቀንሰዋል።


ደቻቱ_ማዶ

እሺ እኔም ልናገር። እኔም አለብኝ፣ በቀኝ በኩል ይብሳል። በየቀኑ በርጫ አለኝ፣ በቀኝ ጉንጬ ነው የምይዘው። ከጎኑ ለስላሳ፣ የባቢሌ ለውዝ በጨው። ጫቱ ነው በሉኝ አትበሉኝ፣ ብቻ መልሱልኝ። አንድ ሌላ ነገር ደግሞ አለ፣ ጓደኛዬ «እንዲህ የሚያወጣው ኤችአይቪ ነው» ብሎኝ እንቅልፍ አጥቻለሁ።


መድኃኒተኛው

አብሽር ወንድሜ። ጫቱ ውስጥ ያለው የሚያነቃቃ ነገር አፍ ያደርቃል፤ የደረቀ አፍ ምላስህን ከንፈርህ ላይ ያመላልሰዋል። ለስላሳው ስኳር ነው፣ ካንዲዳ የሚወደው። የለውዙ ጨው የተሰነጠቀው ላይ ይገባል። ምግብ ይቆለፍብሃል፣ ሥጋም ወተትም አትቀምስም። ከዚያ ቀኝ ጉንጭህ ተወጥሮ የአፍህን ጥግ ይስበዋል። ጫት ተው ብል አትሰማኝም፣ ቢያንስ ግን ከለስላሳው ወደ ውሃ ዙር፣ ገረባውን ከተፋህ በኋላ አፍህን ተጉመጥመጥ፣ ወደ በርጫው ከመግባትህ በፊት ጥጉን በቫዝሊን ሸፍን፣ በባዶ ሆድም አትቀመጥ።


ጥርስ_ሐኪሟ

ስለ ኤችአይቪው፦ የአፍ ጥግ መሰንጠቅ ብቻውን የኤችአይቪ ምልክት ነው ተብሎ ሰው አይፈረጅም። ከላይ ከዘረዘርናቸው ምክንያቶች የትኛውም ሊያመጣው ይችላል። የመከላከል አቅም ሲዳከም ካንዲዳ ስለሚበረታ ግን ሐኪም ቢያስብበት ትክክል ነው፤ በተለይ ላንቃና ምላስ ላይ ነጭ ነገር ካለ፣ ክብደት ከቀነስክ፣ ሌሊት ካላበህ። ምርመራው ቀላል ነው፣ ተመርመርና እንቅልፍህን ተኛ። ቢገኝም መድኃኒት አለ።

ለአንተ በተለይ የምጨምረው አለ። በአንድ ወገን ብቻ የሆነ፣ ታክሞ ከ3 ሳምንት በላይ ያልዳነ፣ ጠርዙ የጠነከረ ወይም ሥጋ የጨመረ ቁስል በዓይን መታየት አለበት፤ የከንፈርና የአፍ ካንሰር፣ ቂጥኝም እንዲህ መስለው የሚመጡበት ጊዜ አለ። ፎቶ እዚህ አትለጥፍ፣ ሂድና ታይ። ሲጋራ ካለ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይመለከትሃል።


ደቻቱ_ማዶ

አለ። እሄዳለሁ።


ኤረር_በር (ሐረር)

የኔ ልጅ 5 ዓመቷ ነው፣ ከንፈሯን ስትልስ ነው የምትውለው። ጥጉም ዙሪያውም እንደ ቀለበት ቀልቷል። አያቷ ጂቪ (ጄንሺያን ቫዮሌት የሚባለውን ቀለም) ቀብታት ሰማያዊ አፍ ይዛ መዋዕለ ሕፃናት ሄደች፣ ልጆቹ ሳቁባት፣ አሁን አልሄድም ብላለች 😭 ምን ላድርግ?


ጥርስ_ሐኪሟ

እህቴ፣ ይህ ክቡ መቅላት ከመላስ የመጣ ነው፤ ጥጉም እዚያው ላይ ተደርቦ ነው። ጂቪ ፈንገስ ይገድላል፣ ግን ቆዳ ያደርቃል፣ የተላጠ ሥጋ ላይ ደጋግመው ሲቀቡት ራሱ ያቆስላል። ለልጅቱ የሚያስፈልጋት ከሁሉ በፊት ሽፋን ነው፦ ቫዝሊን በቀን ብዙ ጊዜ፣ በተለይ ከመብላቷ በፊትና ከመተኛቷ በፊት። ሽታና ጣዕም ያለው የከንፈር ቅባት አትስጫት፣ ይጣፍጣታልና ይበልጥ ትልሳለች። አትላሺ እያሉ መቆጣት አይሠራም፣ የምትልስበትን ሰዓት እዪ፤ ቴሌቪዥን ላይ ነው? ስትጨነቅ ነው? አፍንጫዋ ተደፍኖ በአፏ እየተነፈሰች ከሆነም ከንፈር ይደርቃል፣ ያኔ መታከም ያለበት አፍንጫው ነው።

የማር ቀለም ያለው ቅርፊት ከያዘ ግን ነገሩ ተለወጠ፤ ባክቴሪያ ነው፣ ወደ ሌሎች ልጆችም ይዛመታል። ያኔ ጤና ጣቢያ ውሰጃት፣ ፎጣዋም ለብቻ ይሁን።


ኤረር_በር

ቅርፊት የለውም፣ አልሐምዱሊላህ። ቫዝሊኑን ዛሬ እጀምራለሁ።


የሳቢያኗ

መድኃኒተኛው፣ ያን ክሬም ጥያለሁ። ታዲያ ምን ልቀባ? አጠባለሁ ብያለሁ።


መድኃኒተኛው

ቀለል አድርጌ ልጻፍልሽ። ሐኪም አይቶ ሌላ ካላለሽ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀመረው በክሎትሪማዞል 1 ፐርሰንት ክሬም ነው፣ ብቻውን የሆነው፣ ስቴሮይድ የሌለበት። ወይም ሚኮናዞል 2 ፐርሰንት። በቀን 2 ጊዜ፣ በስሱ፣ በትክክል ጥጉ ላይ። ሲጠፋ አታቁሚ፤ ከዳነ በኋላም ጥቂት ቀን ጨምሪበት፣ በጠቅላላው ከ2 እስከ 3 ሳምንት ይሄዳል። ከመቀባትሽ በፊት ለብ ባለ ውሃ አጥቢውና በንጹሕ ጨርቅ ነካ ነካ አድርገሽ አድርቂው፣ አትሺው። ክሬሙ ከገባ በኋላ ላዩን በቫዝሊን ሸፍኚ፣ ምራቁ እንዳይነካው። ቁጣው በጣም ካስቸገረ ሐኪሙ ሃይድሮኮርቲዞን 1 ፐርሰንት፣ ለስላሳውን ስቴሮይድ፣ ከፀረ ፈንገሱ ጋር ለአጭር ቀን ሊያዝልሽ ይችላል። ያ ከቤታሜታዞን ጋር አንድ አይደለም። ለምታጠባ ሴት በዚህ መጠን ጥጉ ላይ የሚቀባ ክሎትሪማዞል አያስፈራም።

ፈንገሱን አክመሽ እየቆሰለ ካስቸገረሽ፣ ቢጫ ቅርፊት ካለው፣ ባክቴሪያ ይኖራል፤ ፉሲዲክ አሲድ ወይም ሙፒሮሲን የሚታዘዘው ያኔ ነው። ጎረቤትሽ የሰጠችሽ የዓይን ቅባት ፈንገስ አይነካም፣ በከንቱ ነው የቀባሽው። ዳማከሴና ሎሚ፣ ነጭ ሽንኩርትም የሚቀባ አይጠፋም፣ በተከፈተ ቁስል ላይ የሚያቃጥል ነገር ነው የምታደርጉት።

አንድ ማስጠንቀቂያ፣ ለአንቺ ባይሆን ለሚያነብ ሰው፦ ለልብ ወይም ለደም መርጋት ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ሚኮናዞል፣ በተለይ አፍ ውስጥ የሚቀባውን ጄል፣ ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይንካ። የዋርፋሪኑን ኃይል ከፍ አድርጎ ደም ያፈስሳል።


የመልካ_ልጅ (ድሬዳዋ)

እኔ የምጠይቀው ስለ አባቴ ነው። ሰባ ዘልቀዋል። የላይም የታችም ጥርሳቸው ተነቅሎ ሰው ሠራሽ አስገብተዋል፣ ብዙ ዓመት ሆኖታል። ሁለቱም አፍ ጥግ ሁልጊዜ እርጥብ ነው፣ ይሰነጠቃል፣ ነጭ ያዘለ። ክሎትሪማዞል ቀብተናል፤ የጥርሱ ጉዳይ ይሆን?


ጥርስ_ሐኪሟ

የአባትህ ነገር የጥርስ ሐኪም ጉዳይ ነው፣ የቆዳ ክሬም ብቻውን አይመልሰውም። ጥርስ ሲነቀል ያቀፈው አጥንት እየሟሸሸ ይሄዳል። ዛሬ የለኩላቸው ጥርስ ከዓመታት በኋላ ልክ አይሆንም፤ ሰው ሠራሹ ጥርስም ራሱ እየተፋቀ ያልቃል። ያኔ አፋቸውን ሲዘጉ አገጭና አፍንጫ ይቀራረባሉ፣ አፍ ጥጉ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፣ ምራቅ በእጥፋቱ እንደ ቦይ ይወርዳል። ዓይተህ ከሆነ፣ ከአፍ ጥግ ወደ አገጭ የሚወርድ ጥልቅ መስመር አላቸው። ያ መስመር ካለ፣ ጥርሱ እንደገና መለካት ወይም መተካት አለበት።

ሁለተኛው፣ ካንዲዳው የሚኖረው ጥርሱ ራሱ ላይ ነው። ጥርሱን አውልቀህ ላንቃቸውን በባትሪ እይ። ጥርሱ የሚቀመጥበት ልክ ቀልቶ ከሆነ ፈንገሱ ውስጥ አለ ማለት ነው። ስለዚህ ሕክምናው ከውጭም ከውስጥም ነው፤ ለአፍ ውስጥ ኒስታቲን ጠብታ ወይም ሐኪሙ የሚያዝዘው። ጥርሱ ከእያንዳንዱ ምግብ በኋላ ወልቆ በለስላሳ ብሩሽና በሳሙና ይታጠብ፣ በጥርስ ሳሙና አይፈተግ፣ ይፈገፍገዋል። በፈላ ውሃ አትቀቅሉት፣ ይጣመማል። በረኪና ብረት ያለበትን ጥርስ ያበላሻል። ማታ ማታ ወልቆ ንጹሕ ውሃ ውስጥ ይደር።

የጾም ስኳርም ይመርመሩ፤ በሁለት ምርመራ 126 ሚሊግራም በዴሲሊትርና ከዚያ በላይ ከሆነ ስኳር ነው። ስኳር ያለበት ሰው ካንዲዳ አይለቀውም።


የቀፊራዋ_እናት

ዶክተርዬ፣ የኔም ጥርስ እንደሱ ነው፤ ማታ አውልቀዋለሁ። እንዴት ያለች ሐኪም ናት፣ አላህ ይጠብቃት። የዳማከሴውን ነገር ግን አልተውም።


ጥርስ_ሐኪሟ

እማማ፣ ሻዩ ውስጥ ያድርጉት፣ ቁስል ላይ አይሁን፣ ታረቅን።


የሳቢያኗ

የደም ምርመራው ወጣ። ሄሞግሎቢን 9.4፣ ፌሪቲን በጣም ዝቅ ያለ። ስኳር የለብኝም። ሐኪሙ የብረት እንክብል ከፎሊክ አሲድ ጋር አዘዘልኝ፣ ለምን ደም እንደሚፈሰኝም የማህፀን ሐኪም እንዲያየኝ ላከኝ። ጨጓራዬን ስለሚያመኝ ያንንም ይታያል አለኝ። ሰገራዬ ጠቁሮ ደንግጬ ነበር፣ ከብረቱ ነው ተባልኩ። ክሎትሪማዞሉን እየቀባሁ ነው። እንክብሉን እስከ መቼ ነው የምወስደው?


መድኃኒተኛው

ሄሞግሎቢኑ ከተስተካከለ በኋላ ደግሞ ወደ 3 ወር ይቀጠላል፣ ጎተራው እንዲሞላ። አፍ ጥጉ ሲድን እንክብሉን እንዳትጥዪ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነው። ሆድ ከያዘሽ ወይም ካቅለሸለሸሽ ሐኪምሽን ንገሪ፣ ቀን እየዘለሉ መውሰድም አለ። ልጅሽ እጅ እንዳይገባ ደግሞ ከፍ አድርገሽ አስቀምጪ፣ የብረት እንክብል ሕፃን ልጅ ላይ መርዝ ነው።


ለገሃሬ

በረዶውስ?


የሳቢያኗ

በረዶው ቀንሷል አቦ፣ አትከታተለኝ 😂


የመልካ_ልጅ

ዶክተር፣ አባባን ወስጄ አሳየሁ። ጥርሱ እንደገና ይለካል ተብሏል፣ ላንቃቸውም ቀልቶ ነበር። ስኳራቸው ደህና ነው። አሁን ያለብን ችግር ማታ ጥርሱን አላወልቅም ማለታቸው ነው። «ሌሊት ብሞት ያለ ጥርስ ልትገንዙኝ ነው?» ይላሉ። እናቴ እንኳ ለምናቸው እምቢ አሉ።


ሸዋ_በር

አባባ ልክ ናቸው 😂😂


ጥርስ_ሐኪሟ

አባባን አታስጨንቋቸው። የሚፈለገው ድዱ በቀን ውስጥ 6 ሰዓት ያህል ከጥርሱ እንዲያርፍ ነው፣ ሌሊት ይሁን የሚል ሕግ የለም። ድሬ ቀትር ላይ ሱቁም ሰዉም ይተኛል አይደል? ምሳ እንደበሉ አውልቀው ውሃ ውስጥ ያድርጉት፣ ፀሐይዋ እስክትበርድ እንግዳ አይመጣባቸውም። የጎደለውን ሰዓት ጠዋት ከቁርስ በፊት ያሟሉት። አዲሱ ጥርስ ሲመጣም ይኸው ይቀጥል፣ አሮጌውን ደግሞ እንደ መጠባበቂያ እንዳያደርጉት ደብቁባቸው።